ዛለ

በሃለ ከተማ፣ ከትራሙ መዞሪያ፣
ጠባብ ሱቅ አለችኝ፣ የዲስክ ማገገሚያ።
ስሜ ተካልኝ ነው፤ መተካት ግን አልወድም፤
ነፍስ ያለውን ዕቃ ለቆሻሻ አልሰድም።

ኅዳር ነው፣ ይዘንባል። ሮስቪታ መጣች፣
ያረጀ ኮምፒውተር በጋሪ እየጎተተች።
«የባሌ ነው» አለች፤ «የኤግበርት። ዛሬማ
አንድ ፋይል ክፈት ስለው፣ አይመልስ፣ አይሰማ።
ሻዬን አፍልቼ፣ ጠጥቼ፣ ብርጭቆ አጥቤ ስመለስ፣
እሱ ገና ያቃስታል፣ እዚያው ሲመላለስ።»

ጆሮዬን ጣል አደረግሁ። እውነቷን ነው፤ መርፌው
ይሮጣል ከዳር ዳር፣ እንደ ቤት የጠፋው፤
ቃሉን እዚህ ጥግ ጀምሮ፣ እዚያ ጥግ ሊቋጨው፣
ሰኞ ማክሰኞ ይዟል፣ በአንድ እግር ነው የሚሄደው።

«ይደር» አልኳት። «ነገ ነይ።»

መጀመሪያ ቅጂ፦ ቅጂ ሳይዝ ዲስክ የሚነካ፣
ገመድ ሳይዝ ጉድጓድ የወረደ ነው፣ ጥልቀቱን ሳይለካ።
ቀጥሎ አቧራው፤ ከማቀዝቀዣው ክንፍ ሥር
የድመት ፀጉር አወጣሁ፤ አንድ የሸሚዝ ቁልፍም ነበር።
ሦስት የሞቱ ሥፍራዎች አገኘሁ፤ አጠርኳቸው በምልክት፣
ማንም ምንም እንዳይጽፍባቸው፣ ከዚያች ሌሊት።

ከዚያ ማሰባሰብ። ስክሪኑ በካሬ ተሞላ፦
ቀዩ የተበተነው፣ ሰማያዊው በወጉ የተኛው፣ ነጩ ባዶ ገላ።
ከሁሉም በላይ የተበተነ አንድ ፋይል አለ።
ስሙን አነበብኩት፦ «ዛለ»።
አማርኛዬ ቀደመኝና «ማነው የዛለ?» አልኩ።
ወንዙ ነው ለካ! ዘጠኝ ዓመት ድልድዩን እየተሻገርኩ፣
ስሙን በጀርመንኛ ብቻ ስጠራ ኖርኩ።

ሃያ ሁለት ዓመት፣ በየማለዳው፣ ኤግበርት
ከድልድዩ ሥር ካለው መለኪያ፣ ውኃው የደረሰበት፦
ቀን፣ ሴንቲ ሜትር፣ ነጥብ። ሌላ ቃል የለበት።
በጥቂት በጥቂቱ የሚያድግ ፋይል ጎን ለጎን ማደሪያ አያገኝም፤
ዲስኩ በጋውን እዚህ፣ ክረምቱን እዚያ ይጥለዋል፤ ወንዝ መሆኑን አያይም።

አልተኛሁም። የጎርፉ ሰኔ ከአንደኛው ጥግ ተነሣ፣
ከድርቁ ነሐሴ ጎን ተኛ፣ ድምፅ ሳያሰማ፣ ሳያገሣ።
ቀዩ እየሳሳ፣ ሰማያዊው እየረዘመ፣
ሲነጋ ወንዙ ባንድ ረድፍ ተጋደመ።
የመጨረሻው መስመር፦ መጋቢት ሦስት፣ መቶ ሰማንያ አራት።
ከሥሩ ምንም የለም።

ሮስቪታ መጣች። ፋይሉ ተከፈተ፣ ዐይኗን ሳትጨፍን።
ከሰማያዊው በታች አሳረፈች ጣቷን።
«ይሄ ሁሉ ነጭ ምንድነው?»
«ባዶ ቦታ ነው። ዱሮም ነበር፤
በየመሀሉ ተበትኖ አይታይም ነበር።»
ዝም አለች።
«እንደዚያ ሆኖ ይቻል ነበር።»
ሠላሳ ዩሮ ከፈለች፤ መልስ ሳትቀበል ወጣች።

ባዶም አብሮ እንደሚሰበሰብ፣ አንድም መመሪያ አልጻፈው፤
እኔም ስንቱን ዲስክ ስጠግን፣ ልብ ብዬ አላውቀው።

በዓመቱ፣ ያንኑ ጋሪ እየጎተተች፣
«ደግሞ ተንቀራፈፈ» አለች፤ ልትስቅ ምንም አልቀራት፣ ግን አልሳቀች።
ከፈትኩት። ነጩ ሜዳ ላይ ቀይ ፈንጠር ፈንጠር ብሏል።
ዛለ ቀጥሏል።
ቀን፣ ሴንቲ ሜትር፤ ነጥቡ ጋ ግን አይቆምም፦
«መቶ ዘጠና። አራት ዳክዬ።»
«መቶ ስድሳ ሁለት። በረዶ ነው፣ እግሬን አሞኛል።»
«መነጽሬን ረሳሁ፤ በግምት ሁለት መቶ፤ ኤግበርት ይቅር ይበለኝ።»

«ልሰብስበው?» አልኳት።
«ተወው» አለች። «አቧራውን ብቻ አራግፍልኝ።»